የብራይስ በሬ

ካሚዮኑ ገና የከተማችንን የኩራንጋን ድልድይ ሳይሻገር ማሳል ጀመረ። ወንድሜ ፐርሲ ኑናን መሪውን በሁለት እጁ አንቆ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ከኋላ የተገጠመችውን የከሰል ምድጃ ሰደባት። እኛ ደግሞ ከላይ፣ በበግ መጫኛው ላይ የታጨቅነው ሁሉ፣ ፐርሲን ሰደብነው። ጦርነቱ ካበቃ ዓመት አልፎታል፤ ቤንዚን ግን አሁንም በኩፖን ነው። ከተማው ያጠራቀመውን ኩፖን ሁሉ ለተጫዋቾቹ ሰጥቶ፣ እነሱ ማለዳ በትናንሽ መኪኖች ሄደዋል። ለደጋፊው የተረፈው የፐርሲ ካሚዮን ነው፤ በከሰል ጋዝ የሚሄድ፣ የበግ ሽታ ያልለቀቀው፣ ዳገት ባየ ቁጥር ልቡ የሚደክም።

ሌላ ቅዳሜ ቢሆን ስቀን እናልፈው ነበር። ያን ቀን ግን የወረዳው የኳስ ውድድር ፍጻሜ ነው፤ ያውም በዋርቢን፣ በጠላት ሜዳ። በጦርነቱ ዓመታት ሜዳችን ላይ በግ ሲግጥ፣ የክለቡ ቤት ደግሞ የድንች መጋዘን ሆኖ ነበር የከረመው። ያሸነፈ ወገን ዓመቱን ሙሉ የአሸናፊነቱን ባንዲራ ከሜዳው በላይ ይሰቅላል፤ እኛም ለዚያ ባንዲራ ቋምጠን ነበር። እስክንደርስ ማን ይቻለን? አንዱ ሰዓቱን ያያል፣ ሌላው ሰማዩን፣ ሌላው የፐርሲን ምድጃ።

ኔታ ትሬጊር ብቻ ባሏን ታይ ነበር።

ከኋላ በኩል፣ ከመዝጊያው ሳንቃ አጠገብ፣ ሌንን ከዳር አስቀምጣ ከጎኑ ተቀምጣለች። ቦታውን የመረጠችው አስባበት ነው። ሌን ከጃፓኖች እስር ከተመለሰ ወዲህ ሰው የከበበው ቦታ መቆየት አይችልም። ለምስጋና ጸሎት ቤተክርስቲያን ሄደው መሃል ላይ ተነስቶ ወጣ። ለተመላሾች በተዘጋጀው ድግስ ላይም ካፖርቱን እንኳ ሳያነሳ ጠፍቶ፣ ኔታ ፈልጋ ያገኘችው ከከተማው ውጭ ግድቡ ዳር ብቻውን ቆሞ ነው። አይቆጣም፣ አያማርርም፣ ጃፓኖቹ እስረኞቹን ስላሠሩበት የባቡር ሐዲድም ሆነ እዚያ ስለቀሩት ጓደኞቹ አንድ ቃል ተንፍሶ አያውቅም። ዝም ነው የሚለው። ሲጠየቅ «አዎ» ወይም «አይ» ይላል፤ ካልተጠየቀ ደግሞ ዝም እንዳለ ውሎ ያድራል።

ኔታን የሚገድላት ይሄ ዝምታ ነበር። ሌን ትሬጊር ማለት ከጦርነቱ በፊት በወረዳው ሁሉ በጉሮሮው የታወቀ ሰው ነው። ከሜዳው አጥር ተደግፎ አንዴ ከጮኸ ባቡር ጣቢያ ድረስ ይሰማል። ዳኛ የተባለ ሁሉ ይፈራው ነበር፤ ከሁሉም ከሁሉም ግን ምሱ ሄክተር ብራይስ ነው። ብራይስ ቶምበር ከምትባለው መንደር ነው፤ ማለዳ ላሞቹን አልቦ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነጭ በነጭ ለብሶ ይዳኛል። ገና ሜዳ ሲገባ ሌን ከአጥሩ ላይ «ብራይስ! ዛሬም በሬውን አልበህ ነው የመጣኸው?» ይለዋል። ሰዉ ይህቺን ሳይሰማ ጨዋታው የተጀመረ አይመስለውም ነበር።

«ያኔ አፍር ነበር» አለችኝ ኔታ ከብዙ ዓመት በኋላ። «ስካርፌን ፊቴ ላይ ስቤ የማላውቀው ሰው እመስል ነበር። ከተመለሰ በኋላ ግን ያንን ስድብ አንዴ ለመስማት የማልሰጠው ነገር አልነበረም።»

በዚያ ዓመት ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ኮፍያውን በር አጠገብ እያስቀመጠችለት፣ ብቻዋን ሄዳ ብቻዋን ትመለስ ነበር። ያን ዕለት ግን ሌን ኮፍያውን አንስቶ አደረገ። ኔታም ሐሳቡን እንዳይቀይር ብላ በሩን እንኳ ሳትቆልፍ እየሮጠች ወጣች። አሁን ካሚዮኑ በተንገጫገጨ ቁጥር የሌንን ጫማ ታያለች። ጫማው ወደ ሳንቃው ከዞረ፣ ወርዶ ሊሄድ ነው።

«ወይዘሮ ፓስኮ፣ አንዷን ፓይ ገለጥ አድርገን እንኳ ብናሸታትስ?» አለ ሽማግሌው ጆሲያ።

ወይዘሮ ፓስኮ የክለቡ የሴቶች ኮሚቴ ሊቀመንበር ናቸው። በሊጥ ተሸፍነው የተጋገሩትን የሥጋ ፓዮች በብርድ ልብስ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ እንደ ሕፃን ታቅፈዋቸዋል። ከጨዋታው እረፍት በፊት የሚነካቸው የለም።

«አሽትት። አፍህን ከከፈትክ ግን በጃንጥላዬ ነው።»

«ዛሬ የሚዳኘን ማን እንደሆነ ሰምታችኋል?» አለ ሌላው።

«ማን ነው?»

«ብራይስ።»

«አለቀልን በሉኛ! ያ ዕውር!»

ሁላችንም ሳናስበው ወደ ሌን ዞርን። ሌን መንገዱን ያያል። እየራቀ የሚሄደውን፣ ወደ ቤት የሚመልሰውን መንገድ። ኔታ እጇን ክንዱ ላይ ልታደርግ ፈልጋ፣ ይሸሻል ብላ ተወችው።

ሜዳማውን መንገድ አጋምሰን ስንሄድ አንድ ረጅም ቀጭን ሰው ከፊታችን ታየ። ብስክሌቱን ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ ሻንጣውን በሌላው እጁ አንጠልጥሎ እየተጎተተ ይሄዳል። ከሻንጣው አፍ የነጭ ሱሪ ጫፍ ብቅ ብሏል።

«ብራይስ ነው!» ብሎ ጮኸ ጆሲያ። «ንዳው ፐርሲ! ዝም ብለህ ንዳው!»

«ልለፈው ወይስ ልዳጠው?» አለ ወንድሜ ከውስጥ።

«እንደተመቸህ!»

«አቁም!» አሉ ወይዘሮ ፓስኮ። «ያለ ዳኛ ምን ሊጫወቱ ነው? ጨዋታው ቢሰረዝ ይሄ ሁሉ ፓይ ምን ይሆናል?»

ካሚዮኑ ቆመ። የሌን ጫማ ወደ ሳንቃው ዞረ። ኔታ ሊወርድ ነው አለች በልቧ፤ ሌን ግን የተንቀሳቀሰው ብስክሌቱን ለመቀበል ነበር። ከብራይስ ትከሻ ላይ አንስቶ ከእግሩ ሥር አጋደመው። የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ለሁለት ተሰብሯል።

«ደህና ዋላችሁ» አለ ብራይስ ከታች፣ ላቡን እየጠረገ። «ወደ ዋርቢን ናችሁ?»

«አይ፣ ለሠርግ ነው» አለ ጆሲያ። «ሙሽራው አንተ ነህ።»

«ከመውጣቴ በፊት ግን አንድ ነገር እንስማማ። ከተማው ሳንደርስ ታወርዱኛላችሁ። ከእናንተ ጋር ስገባ ካዩኝ ተገዛ ይሉኛል።»

«ማን ነው አንተን የሚገዛህ? በነፃ ቢሰጡህስ የሚወስድህ አለ?»

ካሚዮኑ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ብራይስም ፈገግ ብሎ ወጣ፤ የለመደው ነው። ወይዘሮ ፓስኮ ብርድ ልብሳቸውን ገልጠው፣ ጆሲያ ዓይኑን ማመን እስኪያቅተው ድረስ፣ አንድ ፓይ አወጡ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዳኛ ከአንድ ወገን እጅ አይበላም» አለ ብራይስ።

«እንግዲያውስ ጀርባህን አዙረህ ብላ። ማን እንደሰጠህ አታይም። ድሮስ መቼ ታያለህ!»

ብራይስ ፓዩን ተቀብሎ ቦታ ሲፈልግ፣ ከሌን ፊት ለፊት ካለው የሱፍ ጥቅል በቀር ክፍት ቦታ አልነበረም። ተቀመጠ። ያኔ ነው ሌንን በደንብ ያየው። ካፖርቱ ከላዩ ላይ የተሰቀለበትን ትከሻ፣ የጎደጎደውን ጉንጭ አየ።

«ሌን» አለ።

ሌን ራሱን ነቀነቀ።

የምንጠብቀውን ማንም አልተናገረም፤ ግን ሁላችንም ያችን የበሬ ስድብ ነበር የምንጠብቀው። ብራይስም ጠበቀ። ፓዩን በእጁ እንደያዘ፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ስድቡ እስኪመጣለት ይጠብቃል። ስድቡ አልመጣም።

«በሬው እኮ ሞተ ሌን» አለ በመጨረሻ። «አንተ በሄድክ በሁለተኛው ክረምት። አንድ ቀን ጠዋት ወድቆ አገኘነው።»

ሌን እጆቹን አየ። ወይዘሮ ፓስኮ ስለ ደመናው አንድ ነገር ጀምረው ተዉት። ብራይስ ወደ ኔታ ጎንበስ አለ።

«ከተመለሰ ጀምሮ ነው?»

«ከተመለሰ ጀምሮ።»

«አዪ!» አለ ብራይስ። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። «እኔ ደግሞ ያኔ ዝም በል ብዬ ስንት ጊዜ ለምኜዋለሁ መሰለሽ።»

ከዚያ በኋላ ፓዩን አልበላውም። ቀስ ብሎ ለጆሲያ አሻገረለት፣ ጆሲያም አላንገራገረም።

የዋርቢን ዳገት ላይ ካሚዮኑ ለየለት። መሃል ላይ አንዴ ተንፈቅፍቆ ቆመ፣ ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ፐርሲ ፍሬኑን ረግጦ «ውረዱ! ሁላችሁም ውረዱና ግፉ!» እያለ ይጮሃል። ወረድን። ወንዶቹ ትከሻቸውን ሰጡ፣ ብራይስም ካፖርቱን ጥሎ ከመሃላቸው ገባ፤ ሽማግሌው ጆሲያም ከሰሉን በብረት እየቆሰቆሰ ያራግባል። ከወዲያ ከዋርቢን በኩል የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ሰዉ ሜዳውን እየሞላው ነው።

ኔታ ዞር ስትል ሌን የለም።

ከካሚዮኑ ኋላ፣ በመጣንበት መንገድ ቁልቁል እየሄደ ነበር። ቸኩሎም አልነበረም። እጆቹን ኪሱ ከትቶ፣ ከግድቡ ዳር ባገኘችው ዕለት እንደነበረው ትከሻውን ሰብሮ ይሄዳል። ኔታ ደረስን ስትል ነው ያጣችው። ይሄን ያህል መንገድ መጥቶ፣ ሜዳው ሊታይ ትንሽ ቀርቶት! ያኔ ፈጣሪንም ወንድሜንም እኩል ነው የረገመችው።

ከመንገዱ ዳር ሲደርስ ሌን ጎንበስ አለ። አንድ ትልቅ ድንጋይ ፈንቅሎ በደረቱ አቀፈ። እየተንገዳገደ ዳገቱን ወጥቶ መጣና ከኋላ ጎማው ሥር ወሸቀው። የካሚዮኑ መንሸራተት ቆመ። ወንዶቹ ትንፋሻቸውን ሰብስበው እንደገና ገፉ፤ ካሚዮኑ ትንሽ ፈቀቅ ሲል ሌን ድንጋዩን ከሥር አስጠግቶ እንደገና ይወሽቃል። እንዲህ እንዲህ እያልን እየገፋን፣ እሱ እየወሸቀ፣ ሞተሩ ተነስቶ አፋፉ ላይ አወጣነው። ሌን እጁን ካፖርቱ ላይ ጠርጎ ወደ ቦታው ተመለሰ። አሁንም አንድ ቃል አልወጣውም። ኔታም ከጎኑ ተቀመጠች።

ከተማው ሊታይ ሲል ብራይስን ከዛፎቹ ጀርባ አወረድነው። ብስክሌቱን አቀበልነው።

«መልካም ዕድል እንዳልላችሁ ደንቡ አይፈቅድልኝም» አለ።

«ዕድል ማን ጠየቀህ?» አለ ጆሲያ። «ዓይንህን ብቻ ይዘህ ና!»

ዋርቢን ሜዳ ስንደርስ አጥሩ ዙሪያውን ሰውና መኪና ሞልቶበታል። ኔታ ሰው ሳሳ ያለበት ጥግ ፈልጋ፣ ከጎል ምሰሶዎቹ አቅራቢያ፣ ሌንን ከአጥሩ አስጠጋችው። ደወሉ ተደወለ፣ ነጭ የለበሰው ብራይስ ሞላላዋን ኳስ መሬት ላይ አንጥሮ ጀመረ፣ ሰዉም አገሩን በጩኸት አናጋው።

እውነቱን ለመናገር ያ ጨዋታ ነፍስ የሚያስወጣ ነበር። እነሱ ጎል ሲያገቡ የነሱ መኪኖች ጥሩምባ ይነፋሉ፤ እኛ ስናገባ መኪና ስለሌለን ወይዘሮ ፓስኮ በጃንጥላቸው የክለቡን ባልዲ ይደበድባሉ። አንዴ እኛ እንመራለን፣ አንዴ እነሱ። ኔታ ግን ከጨዋታው አጠገብ ሆና ጨዋታውን አላየችውም። የምታየው የሌንን እጆች ነው። በመጀመሪያው ሩብ ኪሱ ውስጥ ነበሩ። በሁለተኛው የአጥሩን ሽቦ ያዙ። በእረፍት የሰጠችውን ፓይ ሳይቀምሰው እጁ ላይ ቀዘቀዘ። በሦስተኛው ሩብ ሽቦውን እየጨበጠ ይለቅ ጀመር፤ ከንፈሩም አንዴ የተንቀሳቀሰ መስሏት ጆሮዋን አስጠጋች። ምንም የለም።

የመጨረሻው ሩብ ሊያልቅ ሲል በሁለት ነጥብ እንመራ ነበር። ዋርቢኖች ኳሷን ከሩቅ ወደ ጎላችን ለጓት። በኛ ጨዋታ እንዲህ ከሩቅ የተመታች ኳስ መሬት ሳትነካ የቀለበ ሰው ጌታዋ ነው፤ ዳኛው ያፏጭለታል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካውም። የኛው ክላሪ ሁድ፣ የሥጋ ቤቱ ልጅ፣ ልክ ከሌን ፊት ለፊት ከዋርቢኑ ልጅ በላይ ተወንጭፎ ኳሷን በሁለት እጁ ከሰማይ ላይ አወረዳት። የቀለባት ንጹሕ አድርጎ ነው። አጥሩ ሥር የነበሩት ዋርቢኖች እንኳ «ውይ!» ብለው ራሳቸውን ያዙ።

ብራይስ አጠገባቸው ነበር። አፏጨ። ከዚያም እጁን ወደ ተቃራኒው ዘረጋ። ክላሪ ከጀርባ ገፍቷል ማለቱ ነው፤ ኳሷ የዋርቢን ናት!

ሜዳው በሙሉ ጸጥ አለ። እኛ ከድንጋጤ፣ እነሱ ከማፈር። ወይዘሮ ፓስኮ አፋቸው እንደተከፈተ ጃንጥላቸው ከእጃቸው ወደቀ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው ድምፁ የመጣው። መጀመሪያ ዓመታት ሳይከፈት እንደኖረ በር ሲጥጥ አለ፣ ሰው የሳለ እንጂ የተናገረ አልመሰለም።

«ብራይስ!»

ኔታ አልዞረችም። ብዞር ይጠፋብኛል ብላ ፈራች።

«ብራይስ!» አለ ሌን ትሬጊር፣ አሁን ግን በድሮው ጉሮሮው፣ ባቡር ጣቢያ በሚሰማው። «በሬው እኮ የሞተው አንተ አልበኸው ነው!»

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ አጥሩ በሙሉ፣ የኛም የነሱም፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ብራይስ ፊሽካው አፉ ላይ እንዳለ ወደ አጥሩ ዞረ። ኔታ ፊቱን ከቅርብ አየችው፤ የተሰደበ ሰው ፊት አልነበረም። ትንሽ እንደቆመ ወደ ቦታው ሮጠ። የዋርቢኑ ልጅ መታ፣ የጎል ዳኛው ሁለቱን ነጭ ባንዲራ አውለበለበ፣ ደወሉም ተደወለ። አንድ ጎል ስድስት ነጥብ ነው። በአራት ነጥብ ተሸነፍን።

የኩራንጋ ሰው እንደዚያ ቀን ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ኔታም ፊቷን በስካርፏ ሸፍና ስትንሰቀሰቅ፣ ወይዘሮ ፓስኮ እንባቸውን እየጠረጉ ትከሻዋን አቀፏት።

«አታልቅሺ ልጄ። ባንዲራው የትም አይሄድም፣ የሚመጣው ዓመት አለ።»

«እሺ ወይዘሮ ፓስኮ» አለች። በደስታ እንደምታለቅስ ብትናገር ኖሮ በባልዲው ነበር የሚሏት።

በመልሱ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ካሚዮኑ ላይ የሌን ድምፅ ብቻ ነበር። ዳር አልተቀመጠም። ከመሃላችን ቆሞ፣ አንድ እጁን የሹፌሩ ክፍል ጣሪያ ላይ አድርጎ፣ ሰው ግራና ቀኝ እየተጋፋው፣ የክላሪን ዝላይ ደጋግሞ ያሳያል። «እጁ የት ነበር? ንገረኝ ጆሲያ፣ እጁ የት ነበር? አየር ላይ! በየት በኩል ነው የሚገፋው?» ጉሮሮው ሻክሮ ሊዘጋ ደርሶ አሁንም አላቆመም። ጆሲያ እንኳ «በቃህ እንጂ ሌን፣ ቁስላችንን አትነካካ» ብሎ ለመነው። አልሰማውም።

ሜዳማው ላይ ስንደርስ ያው ረጅም ቀጭን ሰው ብስክሌቱን ተሸክሞ ከፊታችን ታየ። ቶምበር ለመድረስ ገና ብዙ መንገድ ይቀረዋል።

«ንዳው!» አልን ሁላችንም። ወይዘሮ ፓስኮ ናቸው ከሁላችንም በላይ የጮኹት። «ፐርሲ፣ ብታቆም ከዚህ ወዲያ ፓይ የሚባል አታያትም!»

ሌን ጣሪያውን በቡጢ መታው።

«አቁም!»

ፐርሲ አቆመ። ብራይስ ቀና ብሎ አየንና ብስክሌቱን ከትከሻው አወረደ። ፊቱ ላይ ድካም እንጂ ፍርሃት አልነበረም።

«ግድ የለም ሌን፣ በእግሬ እደርሳለሁ።»

«ክላሪ ቀልቧታል ወይስ አልቀለባትም?»

ብራይስ መልሱን የሰጠው ሌንን ሳይሆን ኔታን እያየ ነው።

«ከቆምኩበት አልታየኝም» አለ።

እውነቱን ነበር ወይስ ሌን እንዲጮህ ሆን ብሎ ነው እንዲያ የፈረደው? ኔታ ያኔም አልጠየቀችውም፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የብራይስ ቀብር ላይ ቆማም አታውቅም ነበር።

«አልታየውም!» አለ ሌን ወደ እኛ ዞሮ። «ሰማችሁ? አልታየውም!» ከዚያ ጎንበስ ብሎ ብስክሌቱን ተቀበለውና እጁን ዘረጋለት። «ውጣ! ገና መች ጨረስኩህ!»

ኔታ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።